ስኳር ካለብሽ እግርሽን በየማታው እዪው

እህቶቼ፣ ዐይን ኻሊድ ያሉት ቪላዎች ሰፋፊ ናቸው። ደረጃው፣ ሆሹ፣ ኩሽናው፣ የሚተኮሰው ልብስ፤ ቀኑን ሙሉ በእግራችን ቆመን ነው የምንውለው። ማታ እግር ሲያቃጥል «የሥራ ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ለምዶብናል። ስኳር ላለባት ሴት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭንም የደም ሥርንም ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል፣ ቀስ እያለ ይደነዝዛል። የደም ሥር ሲጠብ ደግሞ ስትራመጂ ባትሽን ይይዝሻል፣ ቆም ስትዪ ይለቅሻል፤ እግርሽ ይቀዘቅዛል፣ ቁስልም ቶሎ አይድንም። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ማመሙን ያቆመው እግር ነው። «ተሻለኝ» ትያለሽ፤ ሚስማር ቢወጋሽ ግን አይሰማሽም።

ስለዚህ ከመተኛትሽ በፊት ውስጥ እግርሽን፣ ተረከዝሽንና የጣቶችሽን መሃል እዪ። ጎንበስ ማለት ካቃተሽ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጪ ወይም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። መቅላት፣ ውኃ መቋጠር፣ ስንጥቅ፣ መጥቆር ካለ ታያለሽ።

ሆሽ ለማጠብ በባዶ እግር አትውጪ። በበጋ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የደነዘዘ እግር ደግሞ ሲቃጠል አያውቅም። ሽንት ቤት በክሎር ስታጥቢ ነጠላ ጫማ አይበቃም፣ የተዘጋ የፕላስቲክ ጫማ አድርጊ፤ ስትጨርሺ እግርሽን ታጥበሽ በጣቶችሽ መሃል ሳይቀር አድርቂ። ቅባት ለተረከዝ ጥሩ ነው፣ በጣት መሃል ግን አይቀባም። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አትቁረጪ። በሙቅ ውኃና ጨው መዘፍዘፍ ሁላችንም የምንወደው ነገር ነው፤ ምን ላድርግ፣ ለስኳር እግር አይሆንም። ጫማ ስትገዢ ማታ ግዢ፣ እግር ያን ጊዜ ያብጣል። እግርሽን ከፍ ስታደርጊ ሕመሙ ከባሰብሽ፣ ወደ ታች ስታወርጂው ካቀለለሽ ግን ደም በደንብ እየደረሰ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

«ማዳም ስኳር እንዳለብኝ ካወቀች ወደ አገሬ ትልከኛለች» ብለው የሚደብቁ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን የተደበቀ ትንሽ ቁስል ሲመረቅዝ እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2017 ቁጥር 15፣ ስትታመሚ የሕክምናና የመድኃኒት ወጪው የአሠሪ ነው ይላል። ሥራም በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲኖርሽ ያዛል። ሕጉ መኖሩና ቤት ውስጥ መከበሩ ለየብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሕጉን አውቀሽ መጠየቅና ሳታውቂ መለመን አንድ አይደለም። የጤና ካርድሽ በእጅሽ ይሁን።

ቁስል፣ መግል፣ ሽታ ወይም የጠቆረ ጣት ካየሽ የዕረፍት ቀንሽን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ተናገሪ። «ማማ፣ ዐንዲ ሱከር፣ ፊ ጁርሕ ፊ ሪጅሊ፣ ላዚም ሙስተሽፋ» በዪ፤ ስኳር አለብኝ፣ እግሬ ላይ ቁስል አለ፣ ሆስፒታል መሄድ አለብኝ ማለት ነው። ትኩሳት ከጨመረበት ወይም እግርሽ ድንገት ቀዝቅዞ ከገረጣ 999 ደውዪ።