የሕዝብ ድምፅና የወንጀል ሕግ ሥልጣን፦ ካናቢስ በዋሽንግተን ዲሲና በኢትዮጵያ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 የኮሎራዶና የዋሽንግተን ግዛት መራጮች አዋቂዎች ካናቢስን (ማሪዋናን) እንዲጠቀሙ የሚፈቅዱ ሕጎችን በቀጥታ ድምፅ አጸደቁ። ሌሎች ግዛቶችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዕፁን ጉዳትና ጥቅም መመዘን አይደለም፤ ሕዝብ በድምፁ የወንጀል ክልከላን ሲያነሣ ውጤቱ እስከ የት እንደሚደርስ መመርመር ነው። ከፒያሳ እስከ ሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ዘመዱ በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በአጎራባቿ ሜሪላንድ የሚኖር ቤተሰብ ጥቂት ባለመሆኑ፣ ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

አንድ ጉዳይ በሁለት መንገድ ለመራጩ ይቀርባል። አንደኛው ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ረቂቁን የሚያቀርቡበት ሲሆን፣ ኮሎራዶ የተጠቀመችው ይህንን ነው። ሁለተኛው ምክር ቤቱ ራሱ ጉዳዩን ወደ ሕዝብ የሚመራበት ነው፤ የሜሪላንድ የ2022 ድምፅ የዚህ ምሳሌ ነው። ውጤቱ ግን አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም። የካሊፎርኒያ መራጮች በ2010 የቀረበላቸውን ሐሳብ ውድቅ አድርገው፣ በ2016 ሌላውን አጽድቀዋል።

የዲሲ ምሳሌ

የዲሲ መራጮች በኖቬምበር 2014 «ኢኒሼቲቭ 71»ን በከፍተኛ ድምፅ ደገፉ። ሕጉ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ ሁለት አውንስ እንዲይዝና በቤቱ የተወሰኑ ተክሎችን እንዲያሳድግ ፈቀደ፤ ሽያጭን ግን አልፈቀደም። የሽያጭ ሥርዓት መዘርጋት የከተማው ምክር ቤት ድርሻ ነበር። ይሁን እንጂ በዲሲ ላይ የበላይ የሕግ አውጪነት ሥልጣን ያለው ኮንግረስ በበጀት ሕግ ውስጥ ባስገባው ገደብ ይህንን አገደ። በዚህም ምክንያት መያዝ የተፈቀደ፣ መሸጥ ግን የተከለከለ ሆኖ ቀረ፤ ክፍተቱንም ዕፁን «በስጦታ» ስም የሚያቀርቡ ሱቆች ሞሉት።

ለስደተኛው የሚያስከትለው

በግዛት ደረጃ የተሰጠ ድምፅ የሚያነሣው የግዛቱን ቅጣት ብቻ ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚዳኘው በፌዴራል ሕግ ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ፣ ዜግነት ጠያቂው ማሳየት ያለበትን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ እንደሚችል አረጋግጧል። ከ30 ግራም ያልበለጠ መጠን ለአንድ ጊዜ ይዞ መገኘት በልዩ ሁኔታ ቢታይም፣ በዘርፉ ተቀጥሮ መሥራት ራሱ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ዜጋ የሆነው ያለ ሥጋት ሲኖር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ኢትዮጵያዊ የዜግነት ተስፋውን ሊያጣ ይችላል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8(3) የሕዝብ ሉዓላዊነት በተወካዮችና በቀጥታ ተሳትፎ እንደሚገለጽ ይደነግጋል። በተግባር ግን ሕዝበ ውሳኔ ያገለገለው ለአስተዳደርና ለወሰን ጥያቄ ነው፤ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ በሚገኙ ቀበሌዎች የቅማንትን አስተዳደር በተመለከተ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሲዳማ የተሰጡት ድምፆች ይህንን ያሳያሉ። ዜጎች ፊርማ አሰባስበው የሕግ ረቂቅ ለድምፅ የሚያቀርቡበት ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ አልተዘረጋም።

ይበልጥ ወሳኙ የሥልጣን ክፍፍሉ ነው። በአንቀጽ 55(5) መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች ሕግ ማውጣት የሚችሉት በፌዴራሉ ሕግ በግልጽ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ብቻ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ስለሚሸፍን፣ ለአማራ ክልል ምክር ቤት የቀረ ሥልጣን የለም። በተጨማሪም ኢትዮጵያ የ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት አባል ናት። በአሜሪካ ግዛቶች የራሳቸው የወንጀል ሕግ ስላላቸው ድምፁ የሚሽረው ነገር አለ፤ በእኛ ዘንድ ግን የክልል ድምፅ የሚሽረው የክልል ድንጋጌ የለም።

ማጠቃለያ

ከንጽጽሩ የምንረዳው የድምፅ ብዛት ከሥልጣን ወሰን እንደማያሻግር ነው። ጫት በኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መከልከሉ ያንኑ ያጠናክራል፤ የተፈቀደውን የሚወስነው ዕፁ ሳይሆን የሕግ ሥልጣኑ ባለቤት ነው። በኢትዮጵያ ለውጥ የሚሻ ወገን ክርክሩን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማቅረብ ይኖርበታል። በውጭ ለሚኖሩ ወገኖች መረጃ የሚሰጡ የማኅበረሰብ ተቋማትም «በግዛቱ ተፈቅዷል» ከማለት አልፈው የፌዴራሉን ሕግ ውጤት በአማርኛ ቢያብራሩ፣ ሊታረም የማይችል ጉዳትን አስቀድመው ይከላከላሉ።