ችፌ ይጋባል ወይ?

በየክፍሉ የክርኑንና የጉልበቱን እጥፋት ሲያክ የሚውል ልጅ አይጠፋም። ጓደኞቹም «ይጋባብናል» እያሉ ከአጠገቡ ይነሳሉ። ለመሆኑ ችፌ ይጋባል ወይ?

በፍጹም አይጋባም። የሚጋባው እከክ ነው፤ እሱ ከቆዳ ሥር በሚገባ ጥቃቅን ተባይ ይመጣል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው።

የችፌ መነሻ ከውስጥ ነው። ሰውነታችንን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክት ነው። በችፌ ጊዜ ከእነሱ መካከል ቲ ሕዋስ የሚባሉት፣ ጠላት ሳይመጣ፣ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የተባሉትን መልእክቶች ያበዛሉ። መልእክቱ የደረሰው ቆዳ ይቆጣል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ሲታከክ ይላጣል፤ ሲላጥ ይብስበታል።

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው? መጀመሪያ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ ከዚያም ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ስቴሮይድ ቁጣውን በጅምላ ያበርዳል። ለከባድ ችፌ የወጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ግን መልእክቱን መርጠው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ዱፒሉማብ በመርፌ ይሰጥና፣ ሕዋሱ ሁለቱን መልእክቶች የሚቀበልበትን በር ይዘጋል። በ2022 እዚያው ለችፌ የተፈቀደው ኡፓዳሲቲኒብ የተባለ እንክብል ደግሞ በሩን አልፎ የገባውን መልእክት፣ ጃክ የሚባለውን ኢንዛይም በመያዝ ያስቆማል። የሰውነትን መከላከያ ስለሚነካ ያለ ሐኪም አይወሰድም።

እኛ የነገ መምህራን መርፌም እንክብልም የለንም። ያንን ልጅ ግን ከጓደኞቹ መካከል ማስቀመጥና ለክፍሉ እውነቱን መንገር እንችላለን።