የኳርትዝ ክሪስታል እርጅናና የርዕደ መሬት መዝገብ፦ የአራት ኪሎ ጣቢያ አብነት

በአራዳ ክፍለ ከተማ አራት ኪሎ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ጋር ተያይዞ ነው። በ1960ዎቹ ደረጃቸው አንድ የሆነ ሲስሞግራፎች ዓለም አቀፍ መረብ አባል ሲሆን፣ የመዝገቡ ጊዜ የሚለካው በኳርትዝ ክሪስታል በሚመራ ሰዓት ነበር። ይህ ጽሑፍ የክሪስታሉ እርጅና በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የሚያስከትለውን ስሕተትና የሚታረምበትን መንገድ ያብራራል።

በኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ውስጥ የገባ ኳርትዝ በተወሰነ ድግግሞሽ ይርገበገባል፤ ሆኖም ድግግሞሹ ከዓመት ዓመት በጥቂቱ ይለወጣል። ዋነኞቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የክብደት ለውጥ ነው፤ በማሸጊያው ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር በክሪስታሉ ገጽ ላይ ሲያርፍ ድግግሞሹ ይቀንሳል፣ ሲለቅ ይጨምራል። የተለመደው የ10 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ውፍረት 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የአንድ አቶም ያህል ስስ ንብርብር ድግግሞሹን ከሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ያዛባል። ሁለተኛው በመያዣውና በኤሌክትሮዶቹ ላይ የቀረው ውጥረት ቀስ በቀስ መርገቡ ነው። ለውጡ በመጀመሪያ ፈጥኖ ኋላ ስለሚዘገይ ብዙ ጊዜ በሎጋሪዝም ቀመር ይገለጻል። የሙቀት መለዋወጥ የሚያመጣው ለውጥ ሙቀቱ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል፤ እርጅና ግን ይጠራቀማል።

ድግግሞሹ በአንድ ዓመት ውስጥ በእኩል ፍጥነት ከሚሊዮን አንድ እጅ ቢለወጥ፣ ያልታረመ ሰዓት በዓመቱ መጨረሻ 16 ሰከንድ ገደማ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ሞገድ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የ1 ሰከንድ ስሕተት እንኳ የርቀት ግምቱን በ6 ኪሎ ሜትር ያህል ያፋልሳል። ለስምጥ ሸለቆ ቅርብ በሆነችው አዲስ አበባ ይህ መነሻውን ከአንዱ የመሬት ስንጥቅ ወደ ሌላው ሊያዛውር ይችላል። በአንድ ጣቢያ የሁለቱ ሞገዶች መድረሻ ልዩነት ብቻ ሲነበብ የሰዓቱ ስሕተት ይጣፋል፤ የበርካታ ጣቢያዎች መዝገብ ሲጣመር ግን ጎልቶ ይወጣል።

እርጅናን ማስቀረት ባይቻልም መለካት ይቻላል። ለዚህም ሰዓቱ በሬዲዮ ከሚተላለፍ የጊዜ ምልክት ጋር በየዕለቱ ይነጻጸርና ልዩነቱ ይመዘገባል። ዛሬ ይህን የሚሠራው ጂፒኤስ ነው፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ግን ጊዜ የሚጠብቀው ያው ክሪስታል ነው። ስለዚህ የቆየ መዝገብ የሚያጠና ተመራማሪ አስቀድሞ የሰዓት እርማቱን ሊመረምር ይገባል። እርማቱ ከጠፋ፣ ከመዝገቡ በልበ ሙሉነት ሊወሰድ የሚችለው የሞገዶቹ ልዩነት እንጂ የደረሱበት ሰዓት አይደለም።