ልጅ አንገት ላይ የወጣ እብጠት፦ "እንቅርት ነው" ብላችሁ አትለፉት

እንቅርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እናቶችንና አያቶችን ነው። ልጅ ላይ ሲወጣ ግን እኔ ቶሎ እንዲታይ እፈልጋለሁ። የታይሮይድ ዕጢ እባጭ ልጆች ላይ ብዙም አይታይም፤ ከወጣ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂዎች ይበልጣል። በሕፃንነቱ አንገቱ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ልጅ ደግሞ የበለጠ ያሰጋል። ከ1986 እ.ኤ.አ. የቼርኖቤል አደጋ በኋላ ብዙ ሕፃናት በዚህ ካንሰር የታመሙት በጨረር የተበከለ ወተት ጠጥተው ነው።

ብዙ ጊዜ አያምም። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል። የሚታየው ሲውጥ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ወይም አንገቱ ጎን ላይ አልጠፋ ያለ ንፍፊት ነው። በአልትራሳውንድ እናየዋለን፣ በቀጭን መርፌ ናሙና እንወስዳለን።

"ዶክተር፣ ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይባላል" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ውሸት ነው! ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ካንሰሩ የደረሰባቸው ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ወደ ንፍፊት ተሰራጭቶ እንኳ አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ።

አስቸጋሪው ነገር ከዕጢው ጀርባ የድምፅ ነርቭና ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች መኖራቸው ነው። ልጅ ላይ ደግሞ ሁሉም ደቃቅ ነው። ስለዚህ ይህን ቀዶ ጥገና አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም ፈልጉ፤ "ስንት ሠርተሃል?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከንፈሩን ወይም ጣቱን ከደነዘዘው ወዲያው ተናገሩ፣ ካልሲየሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ዕጢው በሙሉ ከወጣ ሌቮታይሮክሲን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ልጁ ሲያድግ መጠኑም ይስተካከላል። "ድኗል" ብላችሁ እንዳታቋርጡት።