ጥድና ቀጋ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ካጠቃቸው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተወስዶ እንዲሰፍር መደረጉ ይታወሳል። የተራቆተው ተዳፋት ግን ከነጉቶው በስፍራው ቀርቷል። ይህ መሬት እንዲያገግም የደጋውን ዕፅዋት ጠባይ ለይቶ ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ ትምህርት ጥድና ቀጋ ይነጻጸራሉ።

የሐበሻ ጥድ ዘር እንጂ አበባ ከሌላቸው ዕፅዋት ወገን ነው። ቅጠሉ የደቀቀ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ሲሆን፣ ቁመቱ ከ30 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይገኛሉ፤ የወንዴውን ብናኝ ወደ ሴቴው የሚያደርሰው ነፋስ ነው። በሴቴው ዛፍ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ድቡልቡል ፍሬ ቢመስልም እውነተኛ ፍሬ አይደለም፤ ሥጋማ ቅርፊቶች ገጥመው ዘሩን ያቀፉበት ነው።

ቀጋ በአንጻሩ አበባ ከሚያወጡት ወገን፣ የጽጌረዳ ዘመድ የሆነ እሾኻም ቁጥቋጦ ነው። ነጭ አበባው መዓዛ አለው፤ ንቦችም ይቀስሙታል። አበባው ከረገፈ በኋላ ከሥሩ ያለው ክፍል አብጦ፣ ዘሩን በውስጡ እንደያዘ ይቀላል። ይህንንም እረኞችና ሕፃናት ይበሉታል።

ዋናው ልዩነት የሚታየው በምሳር ጊዜ ነው። ቀጋ ሲቆረጥ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የሚተካውም ከዘር ብቻ ነው። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለምሰሶና ለአጥር ይፈለጋል፤ ሆኖም ለዚህ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በክፉ ቀን ለአንድ ወር ቀለብ የተሸጠ ጥድ የልጅ ልጅ ዛፍ ነበር ማለት ነው።

የጠፋ ደን ሊመለስ እንደሚችል አበው አሳይተዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ተራራ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል።

ስለሆነም የአንዱ ጉድለት በሌላው ሊሟላ ይገባል። የጥድ ችግኝ የሚተከልበት ስፍራ ዙሪያውን በቀጋ ቢታጠር፣ እሾኹ ከብት ይከለክላል፤ አበባው ለንብ፣ ፍሬው ለሕፃናት ይሆናል። ጥዱም በዚያ ጥላ ከለላ ቀስ ብሎ ያድጋል።