ጺም ያለው ዓሣ ስሙ ማን ነው?



ኮድ የሚባለው የባሕር ዓሣ ብዙ ዘመዶች አሉት። ከእነርሱ መካከል ኑሮው በወንዝና በሐይቅ የሆነ በርቦት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሚገኘው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለውም በብርድ ወራት ከበረዶ ሥር ነው። ከሩሲያ የመጡ የሐይፋ ነዋሪዎች በቋንቋቸው ናሊም ይሉታል። አገጩ ላይ አንድ ጺም አለው። በርቦት የሚለውን ስምም «ባርባ» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ ትርጉሙ ጺም ነው።

በርቦት በኢትዮጵያ የለም። ጺም ያለው የአገራችን ዓሣ አምባዛ ነው። የበርቦት ዘመድ ባይሆንም ስሙ በዕብራይስጥ ከጺሙ ወጥቷል፤ «ስፋምኑን» ይባላል፣ «ሳፋም» ማለትም ሪዝ ነው። አምባዛ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጺም አለው፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ በእነርሱ እየዳሰሰ ምግቡን ይፈልጋል። አየር መተንፈስ ስለሚችል ውኃ ሲጎድል ቶሎ አይሞትም። ቅርፊት ስለሌለው ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት አይበላም።

ቆሮሶ ክንፍም ቅርፊትም ስላለው ይበላል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። እዚህ አገር በኩሬ የሚረባው አምኑን የጣናው ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው። በሃሊሳ የሚኖሩ ዓረብ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሙሽጥ ይሉታል፤ በቋንቋቸው ሚዶ ማለት ነው። በእርግጥም የጀርባው ክንፍ የሚዶ ጥርስ ይመስላል።

ከዚህ የተረዳነው፣ ስም ያወጡት ሰዎች ዓሣውን በደንብ አይተው እንደነበር ነው። እኛ እዚህ የተወለድነው ልጆች አምኑንና ስፋምኑን የሚሉትን ስሞች ከገበያና ከትምህርት ቤት እናገኛለን። ቆሮሶና አምባዛ የሚሉትን ግን ከእናንተ ካልሰማን ከየትም አናገኛቸውም። ስሙን የማያውቅ ልጅ አያቱ ስለ አምባዛ ሲያጫውቱት በሩቅ አገር የቀረ እንስሳ ይመስለዋል። ያው ዓሣ ግን በጣናም በኪነሬትም ይኖራል።

ስለዚህ ለሰንበት ዓሣ ስትገዙ ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ንገሩን። በተወለዳችሁበት ወንዝ ዳር ሌላ ስም ከነበረውም አስተምሩን፤ እኛም በደብተራችን እንጽፈዋለን።