ገመና በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ፦ በፊስቱላና በማሕፀን መውረድ ሕክምና የታካሚ ክብር ጥያቄ

በአማርኛ «ገመና» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሊሸፈን የሚገባው የሰውነት ክፍል ገመና ነው፤ ከቤት ሊወጣ የማይገባው ጉዳይም ገመና ነው። ልብስም ምስጢር ጠባቂ ዘመድም እኩል «ገመና ከታች» የሚባሉት ለዚህ ነው። የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ግን ሁለቱን ይለያያል፤ የሰውነት መጋለጥን ለነርሶች እንክብካቤ፣ የመረጃ ምስጢራዊነትን ደግሞ ለሕግና ለመዝገብ አያያዝ ይተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ በፊስቱላና በማሕፀን መውረድ ቀዶ ሕክምና ላይ ተመሥርቶ፣ ክፍፍሉ ታካሚዋ ከምታልፍበት ነገር ጋር እንደማይገጥም ለማሳየት ይሞክራል። ስለ ሴቶች ሐፍረት የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙ ጾታ ምንድን ነው ወደሚለው ይጠብባል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን ከዚያ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ፦ ማን ያያል? ከመቼ እስከ መቼ? እርሷስ አስቀድማ ታውቃለች?

ሁለቱ ሕመሞች የተመረጡት በአንድ ልዩነት ምክንያት ነው። ፊስቱላ ከረዥምና ከተስተጓጎለ ምጥ ይመጣል፤ የሕፃኑ ራስ የእናትን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋር ለረዥም ሰዓት ሲጫነው ደም ይቋረጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ወደ ሽንት ፊኛ ወይም ወደ ዐይነ ምድር መውጫ ቀዳዳ ይከፈታል። ሽንቱ ያለማቋረጥ ስለሚፈስስ ሽታው ሕመሙን ለጎረቤት ሁሉ ያወራል። የማሕፀን መውረድ በተቃራኒው ለዓመታት ሊደበቅ ይችላል፤ ባልም እኅትም ሳያውቁ ሴቲቱ ውኃ እየቀዳች፣ እንጨት እየተሸከመች ትኖራለች። ስለዚህ አንደኛዋ ወደ ሆስፒታል የምትመጣው ገመናዋ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሁለተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታወጣው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት አቀባበል ማስተናገድ፣ ለሁለተኛዋ በተለይ፣ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የመጋለጥ ቅደም ተከተል

በብልት በኩል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሮቿ ከፍ ብለውና ተከፍተው በድጋፍ ላይ ታስረው የሚከናወን ነው። በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ጠረጴዛው ወደ ራስ በኩል ዝቅ ይላል። ይህ አቀማመጥ ለቀዶ ሐኪሙ የግድ ነው፤ ክርክር አይነሣበትም። ነገር ግን መጋለጡ ከስለቱ ቀድሞ ይጀምራል። ታካሚዋ ከኋላ የሚከፈት ጋውን ለብሳ በኮሪደር ታልፋለች፤ የወገብ ሰመመን ለመውሰድ ጀርባዋን ገልጣ ትቀመጣለች፤ እግሯ ይሰቀላል፤ በመድኃኒት ትታጠባለች፤ ካቴተር ይገባላታል። ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ጨርቅ የሚለብሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጨርቁ ከለበሰ በኋላ የሚታየው የሚሠራበት ቦታ ብቻ ይሆናል። የተዘጋጀው ተሕዋስያንን ለመከላከል ቢሆንም በዚያው ገመናም ይሸፍናል።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሌለው ጊዜ ከጨርቁ በፊት ያለው ነው። በር የሚከፈተው፣ ዕቃ የሚመጣውና የሚሄደው፣ ተማሪ የሚገባው፣ የጽዳት ሠራተኛ የሚያልፈው በዚያው ሰዓት ነው። ለንጽሕናው እያንዳንዱ እርምጃ የተጻፈ ሥርዓት አለው፤ ለመጋለጡ ግን በአብዛኛው ልማድ ብቻ። እግር ከመሰቀሉ በፊት በሩን መዝጋት፣ እስከ እጥበቱ ድረስ አንሶላን በላይዋ መተው፣ የሚያጥበው ሰው ከተዘጋጀ በኋላ ብቻ መግለጥ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ከጨርቅ ጋር የተያያዘ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ። ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ነጠላዋን፣ ሻሿን ወይም ሒጃቧን፣ ማዕተቧንም እንድታወልቅ ትጠየቃለች። ለሆስፒታሉ ሁሉም በአንድ ስም «የግል ዕቃ» ነው። ለእርሷ ግን ማዕተብ መበጠስ ከቀለበት ማውለቅ ጋር አይተካከልም። የቀዶ ሕክምናው ቦታ ከአንገት ርቆ ሳለ ማዕተቡን በፕላስተር ሸፍኖ መተው፣ ሻሹንም ወዲያው በቆብ መተካት የሚቻልበት ሁኔታ ብዙ ነው።

የሚሰማ ጆሮ

የወገብ ሰመመን የታችኛውን አካል ያደነዝዛል እንጂ አያስተኛም። ታካሚዋ ጠረጴዛው ላይ ሆና ትሰማለች። የሕክምና ባለሙያዎቹ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ቃላት በተቀላቀለ አማርኛ ከሆነ፣ እርሷ ደግሞ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ ተናጋሪ ከሆነች፣ የምትሰማው ድምፅና ሣቅ እንጂ ትርጉም አይደለም። ስለ ሌላ ጉዳይ የተሣቀ ሣቅ በእርሷ ላይ የተሣቀ ይመስላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። ከሰመመን በፊት ታካሚዋ ማንነቷን፣ የሚሠራላትንና ፈቃዷን እንድታረጋግጥ ይጠይቃል፤ ስለ መጋለጥ የሚናገር ነጥብ የለውም። ሆኖም ከስለቱ በፊት በክፍሉ ያለ እያንዳንዱ ባለሙያ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ያዝዛል። ይህ ነጥብ የታሰበው ባለሙያዎቹ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ነው፤ የሚፈጸመውም ታካሚዋ ከተገለጠች በኋላ ነው። ማስተዋወቁ ነቅታ፣ ተሸፍና ሳለች፣ በምትሰማው ቋንቋ አስቀድሞ ቢደረግ ዝርዝሩ አንድ ነጥብ ሳይጨመርበት ለገመና ጥበቃም ይውል ነበር። እግረ መንገዱንም ሥራ የሌለው ሰው በክፍሉ መቆሙ ይገለጥ ነበር።

የሐኪሙን ጾታ በተመለከተ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሴት ሐኪም የምትፈልግ ታካሚ ምክንያት እንድትሰጥ መገደድ የለባትም። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ሴትን ሴት ሐኪም እንድታክም ቅድሚያ ሰጥቷል፤ ካልተገኘች ግን ወንድ ሐኪም እንዲያክም ፈቅዷል፤ ሕክምናው ከሚጠይቀው በላይ እንዳይታይና ታማኝ ሰው አብሮ እንዲገኝ ጠይቋል። ውሳኔው የሐኪሙን ጾታ ብቻ ሳይሆን የመታየቱን ልክም መወሰኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሴት ቀዶ ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል ይህ ሁለተኛው ክፍል አሁንም ሊፈጸም ይችላልና።

መማሪያ የሆነ ሰውነት

የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ራሱ ከዚህ ጥያቄ አይነጠልም። ጄምስ ማሪዮን ሲምስ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ዘዴውን ያዳበረው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ፣ ያለ ሰመመን ነበር፤ ሌሎች ሐኪሞችም ቆመው ይመለከቱ ነበር። አናርካ የተባለችው ወደ 30 ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። እነዚህ ሴቶች እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም። ሐውልቱ ከኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያችው አሜሪካ በሰመመን የተኛችን ሴት ያለ ፈቃዷ ለተማሪዎች መለማመጃ መመርመር በብዙ ቦታ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ከልክላዋለች፤ የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2024 ሆስፒታሎች ለይተው የጽሑፍ ፈቃድ እንዲቀበሉ አሳስቧል።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የታካሚን ፈቃድና ምስጢር ይጠብቃል። የጎደለው ሕጉ ሳይሆን የፈቃዱ ዝርዝርነት ነው። «ቀዶ ሕክምናው ይደረግልኝ» ብላ የፈረመች ሴት ስድስት ተማሪዎች እንዲያዩዋት፣ አንዱም በስልኩ ፎቶ እንዲያነሣ ፈርማለች ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለ ተማሪ አይቆምም፤ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በመጽሐፍ ብቻ አይለመድምና። መፍትሔው ተማሪውን ማስወጣት ሳይሆን ቁጥሩን መወሰን፣ አስቀድሞ መጠየቅ፣ እምቢታውም የሕክምናዋን ተራ እንደማያዘገይ መናገር ነው። ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ካልተነገረ የቀረው ጥያቄ ጥያቄ አይባልም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉዳዩ ወደ አልጋ ይዛወራል። የፊስቱላ ታካሚ ካቴተር ይዛ እስከ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። በጠቅላላ የሴቶች ክፍል ውስጥ በአልጋው ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ለጠያቂ ሁሉ ይታያል፤ በራውንድ ጊዜ የሚነበበው ታሪኳ ለጎረቤት አልጋ ይሰማል። ሪጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 ለዚህ ሕመም ብቻ የተለየ ሆስፒታል ማቋቋማቸው ከሕክምናው ጥራት ሌላ ይህን ችግር አቃልሏል፤ ሁሉም በአንድ ሕመም በመጡበት ክፍል የሚያፍር የለም። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ድነው ረዳት ነርስ ሆነዋል። አንዷ፣ ማሚቱ ጋሼ፣ ቀዶ ሕክምናውን ራሷ እስከመሥራት ደርሳለች። የዳነችው ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ ቤቷ መሸኘቷም የሆስፒታሉ ልማድ ነው።

ይህ ግን በልዩ ሆስፒታል ነው። በጠቅላላ ሆስፒታል የምትታከም የማሕፀን መውረድ ታካሚ አስተርጓሚ ሲያስፈልጋት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው አብሯት የመጣው አስታማሚ ነው፤ እርሱም ወንድ ልጇ ወይም የባሏ ወንድም ሊሆን ይችላል። ስትወጣም የሕመሟ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሳይታጠፍ ይሰጣታል። ማንበብ የማትችል ከሆነች መንገዱን ለመጠየቅ፣ መድኃኒቱን ለመግዛት፣ የቀጠሮውን ቀን ለማወቅ ወረቀቱን ለዘበኛ፣ ለፋርማሲ ሠራተኛ፣ በአውቶቡስ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ታሳያለች። ቀጠሮው በአንድ ቁራጭ፣ የሕመሙ ስም በታሸገ ፖስታ ቢለይ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።